ቴስተሩን ለምን ሁለቴ እንሞክረዋለን?

ሶኬት ከመፍታታችሁ በፊት ኤሌክትሪክ እንደሌለው በቴስተር አረጋግጡ ይባላል። እዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ግራ የሚያጋባው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ቴስተሩን ራሱን ከምርመራው በፊትም በኋላም ኤሌክትሪክ እንዳለው በምታውቁት ሌላ ሶኬት ላይ ሞክሩት።

ለምን? ባትሪው ያለቀ ወይም ገመዱ ውስጥ ለውስጥ የተበጠሰ ቴስተርም "ምንም የለም" ስለሚል ነው። የጠፋ መስመርና የተበላሸ ቴስተር የሚሰጡት መልስ አንድ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ቴስተሩ እንደሚሠራ ያሳያል፤ የመጨረሻው ደግሞ በመሀል እንዳልተበላሸ። ይቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። እባካችሁ አትዝለሏት።

መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ሌላ ሰው መልሶ እንዳያበራውም ቆልፉት። ከዚያ ፌዝን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ) ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ)፣ ፌዝን ከመሬት (ከመሬት ሽቦው)፣ ኒውትራልን ከመሬት ጋር ለኩ። አንዱ ብቻ አይበቃም። ያጠፋችሁት ብሬከር የዚህ ሶኬት ካልሆነና ኒውትራሉም የሆነ ቦታ ላይ ከተበጠሰ፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል ምንም ላይታይ ይችላል። ፌዙ ግን 220 ቮልቱን እንደያዘ ነው! ይህን የሚያጋልጠው ከመሬት ጋር የሚደረገው ልኬት ነው።

መብራት ያለውን የካቻቪቴ ቴስተር ለዚህ ሥራ በጭራሽ አልመክርም። የሚበራው በጣም ትንሽ ከረንት በሰውነታችን በኩል ሲያልፍ ነው። ወፍራም የጎማ ጫማ ካደረግን ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ካለ፣ መስመሩ ኤሌክትሪክ እያለው መብራቱ ላይታየን ይችላል።