የፍላይ ማጥመጃ ገመድ ብየዳ፦ ቀለበትና ቅጥያ መሃል አዲስ አበባ በሚገኝ ዕቃ

የፍላይ ማጥመጃ ገመድ ብየዳ የገመዱን ጫፍ አጥፎ፣ ወይም የሁለት ገመዶችን ጫፍ ደራርቦ፣ የላይኛውን ልባስ በሙቀት አቅልጦ ማዋሃድ ነው። ጫፉ ሲታጠፍ ሊደር (ከገመዱ ጫፍ እስከ መንጠቆው የሚሄደው ቀጭን ክር) የሚታሰርበት ቀለበት ይወጣል፤ ሁለት ጫፎች ሲደራረቡ ደግሞ በዘንጉ ማሳለፊያዎች ውስጥ ሳያደናቅፍ የሚሾልክ ቅጥያ ይሆናል። ፍላይ በሚባለው በዚህ የዓሣ ማጥመድ ዘዴ ከላባና ከክር የተሠራችው ሰው ሠራሽ ዝንብ ክብደት ስለሌላት ተወርውሮ የሚወስዳት ገመዱ ራሱ ነው። የገመዱ ጫፍ ከተበላሸ ውርወራውም ይበላሻል።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ባሌ ተራሮች ወደ ዌብና ዳንካ ወንዞች ለትራውት፣ ወይም ወደ ጣና ላቤዎባርበስ ለሚባለው ዓሣ የሚወርድ አጥማጅ የፋብሪካው ቀለበት ቢሰነጠቅበት አዲስ ገመድ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ለብየዳው የሚያስፈልገው ዕቃ ከፒያሳ እስከ መርካቶ ባለው መንገድ ይገኛል፤ የከተማው ጥገና ቤቶች የለመዱት ጥንቃቄም ለዚህ ሥራ በቂ ነው።

የገመዱ አሠራር

ገመዱ ሁለት ክፍል አለው። ውስጡ ጭነት የሚሸከም ክር ነው፤ ክሩ የተጎነጎነ ናይለን፣ አንድ ወጥ ናይለን፣ ወይም ጄል ስፐን የሚባለው ፖሊኢትሊን ሊሆን ይችላል። ላዩ የፕላስቲክ ልባስ ነው፤ በአብዛኛው ፒቪሲ፣ በዌልሱ ኤርፍሎ ገመዶች ደግሞ ፖሊዩረቴን። በሚንሳፈፈው ገመድ ልባስ ውስጥ አየር የያዙ ደቃቅ እንክብሎች፣ በሚሰምጠው ውስጥ የተንግስተን ዱቄት ይደባለቃል።

ብየዳ የሚያዋህደው ልባስን ከልባስ ነው። የውስጡ ክር አይበየድም፤ መበየድም የለበትም። በመሆኑም የቀለበቱ ጥንካሬ ልባሱ ክሩን ምን ያህል አጥብቆ በመያዙ ይወሰናል። የተጎነጎነ ክር ሸካራ ስለሆነ ልባሱን ይነክሳል። አንድ ወጥ ናይለን ግን ልሙጥ ነው፤ ሲጎተት ከልባሱ ውስጥ ሊሾልክ ይችላል። ጄል ስፐን ከሁሉም አስቸጋሪው ነው፦ ናይለን ከ215 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲቀልጥ ይህ ክር ግን 150 ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ፣ ልባሱ ሳይዋሃድ ክሩ ይሞታል። እንዲህ ያለው ገመድ በክር ይጠመጠማል እንጂ አይበየድም።

ታሪክ

ቀድሞ ገመዱ ሐር ነበር፤ እየደረቀና ቅባት እየተቀባ ይሠራበት ነበር። የፕላስቲክ ልባስ ዘመን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1945 በሚድላንድ፣ ሚሺጋን የተመሠረተው ሳይንቲፊክ አንግለርስ በ1950ዎቹ በፒቪሲ የተለበሱ፣ ውፍረታቸው በልባሱ የሚቀያየር ገመዶችን በማቅረብ ግንባር ቀደም ሆነ። ዛሬ የገመድ መጠን የምንጠራበት ቁጥርም የገመዱን የመጀመሪያ 30 ጫማ (9.1 ሜትር) ክብደት ይናገራል፤ ቁጥር 5 ማለት 140 ግሬን፣ ወደ 9 ግራም ነው። ለብየዳ በር የከፈተው ይኸው ልባስ ነው፤ ሐር በሙቀት አይዋሃድም።

ዕቃዎቹና የከተማው ከፍታ

ዋናው ዕቃ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ሂት ሽሪንክ የሚሉት፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ነው። ውስጡ የሚታይ ነጭ፣ ሙጫ የሌለበት፣ ወደ ግማሽ የሚኮማተር ይመረጣል። ለቁጥር 5 ወይም 6 ገመድ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ይበቃል። ቱቦው ፖሊኦሌፊን ስለሆነ ከፒቪሲው ጋር አይጣበቅም፤ ሥራው ሲያልቅ ተልጦ ይወጣል። ከ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ወዲህ ብዙዎቹ የፒያሳ ሱቆች ቦታ ስለለወጡ፣ የድሮውን አድራሻ ይዞ ከመሄድ ጠይቆ መሄድ ይሻላል።

የሙቀት ምንጩ የፀጉር ፒያስትራ ነው፤ ዲግሪው የሚስተካከል መሆን አለበት። የላይተር ነበልባል ጥላሸት ያስይዛል፤ አንዱን ጎን አቃጥሎ ሌላውን ጥሬ ይተዋል። የፈላ ውሃ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ እዚህ ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቱቦው ሙሉ በሙሉ የሚኮማተረው 120 ገደማ ሲደርስ በመሆኑ በፈላ ውሃ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ፒቪሲውም ጨርሶ አይዋሃድም።

ቀለበት አሠራር

መጀመሪያ የገመዱ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል በሳሙናና በለብታ ውሃ ይታጠብና በአልኮል ይጠረጋል። ገመዱ እንዲንሸራተት የተቀባው ቅባት ከቀረ ልባሱ አይያያዝም፤ ይህ ችላ የሚባል ግን ብዙ ብየዳ የሚያበላሽ ነገር ነው። ቀጥሎ ጫፉ በአዲስ ምላጭ 5 ሚሊ ሜትር ያህል በሰያፍ ይቆረጣል። 30 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ገመዱ ላይ ይሰካና ጫፉ ይታጠፋል፤ ከዚያ ቱቦው መደራረቢያውን እንዲሸፍን ይሳባል። መደራረቢያው 25፣ ዓይኑ 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ዓይኑ ከቱቦው ውጭ ይቅር፤ ሙቀት አያግኘው።

ፒያስትራው 160 እስከ 170 ዲግሪ ላይ ይደረጋል። ቱቦው መጀመሪያ ሳይጫኑት ተጠግቶ ይኮማተር፤ ከዚያ በሁለቱ ሳህኖች መካከል በቀስታ እየተንከባለለ በየ5 ሰከንዱ እየተነሳ ይታይ። በሁለቱ ገመዶች መካከል ያለው መስመር ጠፍቶ ልባሱ ሲያንጸባርቅ ሙቀቱ በቅቷል። አረፋ ከታየ አልፏል፤ ጫፉ ተቆርጦ እንደገና ይጀመራል። የሚቃጠል ፒቪሲ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጭስ ስለሚያወጣ መስኮት ይከፈት። ፖሊዩረቴን ከዚህ ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል፤ ልኩ በቁራጭ ገመድ ተሞክሮ ይገኛል።

ቱቦው የሚላጠው ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ትኩስ እያለ ከተላጠ ልባሱ ይሳባል፤ ከብየዳው ጀርባ ቀጭን ወገብ ይሠራል፤ ገመዱም በዚያ ይሰነጠቃል። ከላጡት በኋላ 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን፣ ማለትም 5 ኪሎ ግራም፣ ለአንድ ደቂቃ ይንጠልጠልበት። ልባሱ ከተጨማደደ ክሩ እየሾለከ ነው።

የተጎነጎነ ክር ላለው ገመድ ብየዳው ብቻውን ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ለትራውት ትክክል ሊሆን ይችላል። አንድ ወጥ ናይለን ላለው ግን በብየዳው ላይ በቀጭን ናይለን ሁለት ኔይል ኖት (በገመዱ ላይ ተጠምጥሞ የሚጠብቅ ቋጠሮ) መጨመር ግዴታ ነው። ለጫሞው ናይል ፐርችም እንዲሁ፣ ክሩ ምንም ዓይነት ይሁን። ሱፐር ግሉ በላዩ መቀባት አይመከርም፤ ደርቆ ሲጠነክር ገመዱ በጠርዙ ላይ ይታጠፍና ይሰበራል። በተንግስተን የሚሰምጥ ገመድ ደግሞ በልባሱ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ስለሚያንስ ብየዳው ደከም ይላል።

ሁለት ገመድ መቀጠል

ሁለት ጫፎችን ደራርቦ ማቅለጥ ብቻውን ለጭነት አይታመንም። አስተማማኙ መንገድ ክሮቹን ማገናኘት ነው። የሁለቱም ጫፍ ፒቪሲ አሴቶን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ተነክሮ ሲለሰልስ 25 ሚሊ ሜትር ያህሉ በጥፍር ይላጣል፤ ፖሊዩረቴን በአሴቶን እሺ አይልም። የተጋለጡት ክሮች ጎን ለጎን ተደራርበው በቀጭን የፖሊስተር ክር ጥብቅ ተደርገው ይጠመጠማሉ። ከዚያ ከቁራጭ ገመድ የተላጠ ልባስ በላዩ ይደረግና በቱቦ ውስጥ ይቀልጣል። ቱቦው ከመጀመሪያው በአንደኛው ገመድ ላይ መሰካት አለበት፤ ክሮቹ ከተጠመጠሙ በኋላ መግቢያ የለውም።

ቀለበት ከቀለበት ጋር ሲያያዝ ሁለቱ እንደተጨባበጡ እጆች አራት ማዕዘን ሠርተው መቀመጥ አለባቸው። አንዱ በሌላው አንገት ላይ ከተጠመጠመ ልባሱን እንደ ቢላ ይቆርጣል። ከኋላ በባኪንጉ (ከገመዱ ኋላ በሚቀጠለው ቀጭን ክር) ላይ የሚሠራው ቀለበት የሪሉ፣ ማለትም የገመድ መጠቅለያው፣ ሙሉ ጥቅል እንዲያልፍበት ሰፊ ይሁን፤ ያኔ ገመድ ለመቀየር ምንም መቁረጥ አያስፈልግም።