አዴኖማዮሲስ፦ የወር አበባን የሚያበዛና የሚያሳምም የማህፀን ችግር

የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን በየወሩ ይወፍርና የወር አበባ ሆኖ ይፈሳል። በአዴኖማዮሲስ ጊዜ ይኸው ሽፋን ወደ ማህፀኑ ጡንቻ ዘልቆ ያድጋል። እዚያም በየወሩ ያብጣል፣ ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም። ጡንቻው ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ማህፀኑም ይተልቃል። ካንሰር አይደለም።

ለወር አበባ ሕመም «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚባለው ማጽናኛ እዚህ አይሠራም። በብዛት የሚገኘው ከ35 እስከ 50 ዓመት ባሉ፣ በወለዱ ወይም ማህፀናቸው በኦፕራሲዮን በተነካ ሴቶች ላይ ነው፤ ወጣቶችንም ግን ይይዛል። ሞዴስ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ከራሰ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ ወይም መፍሰሱ ከ7 ቀን ካለፈ በዝቷል ማለት ነው። ቁርጠቱ ወገብና ጭን ድረስ ይወርዳል፤ በግንኙነት ጊዜም ሊያም ይችላል።

ብዙ ጊዜ ከማዮማ ጋር ይምታታል። ማዮማ ዳር ድንበር ያለው እጢ ስለሆነ ለብቻው ተለይቶ ሊወጣ ይችላል። አዴኖማዮሲስ ግን ከጡንቻው ጋር ስለተሰበጣጠረ ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው። ሁለቱ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ አለ። በሆድ ላይ የሚደረግ አልትራሳውንድ ሊያመልጠው ስለሚችል፣ ውጤቱ «ደህና ነው» ቢልም ሕመሙ ከቀጠለ በብልት በኩል የሚደረገውን መጠየቅ ይገባል። ካልለየ ኤምአርአይ ይታዘዛል።

ለሕመሙ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ምግብ ተበልቶ በየ8 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ ቁርጠቱ ከመበርታቱ በፊት ሲጀመር የተሻለ ይሠራል። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባት አይሆንም። ደሙን ለመቀነስ ሐኪም ትራኔክሳሚክ አሲድ ሊያዝ ይችላል፤ ደም ሥሯ ውስጥ ደም ረግቶባት የሚያውቅ ሴት ይህን አስቀድማ መናገር አለባት። ለብዙዎች ጥሩ የሚሠራው ሆርሞን ያለው ሉፕ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ የሚል ደም ስለሚኖር ብዙዎች ቶሎ ያስወጡታል፤ መታገሥ ግን ይጠቅማል። የመዳብ ሉፕ ሌላ ነገር ነው፤ ደሙን ሊያበዛ ይችላል። ችግሩን ለዘለቄታው የሚያስወግደው ማህፀንን ማውጣት ሲሆን፣ ይህም መውለድ ለምትፈልግ ሴት አይመከርም። ካረጡ በኋላ ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋሉ።

ብዙ ደም መፍሰሱ የሚያመጣው ደም ማነስም ችላ አይባል። ድካም፣ የልብ ምት መፍጠንና ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር ካለ ሄሞግሎቢን ይለካ፤ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። የአይረን ክኒን በቡና ወይም በሻይ ሰዓት አይዋጥም፤ ሰውነት አይረኑን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ። በብርቱካን ጭማቂ ቢወሰድ ይሻላል። ሰገራን ያጠቁራል፣ አያስደነግጥ። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እንዲሞላ ለ3 ወር ያህል ይቀጥላል።