ጓያ ሳይበሉ እግር ለምን ይደርቃል? ኤችቲኤልቪ-1 ምንድን ነው?

ጎጃም ውስጥ የሰው እግር ደርቆ በምርኩዝ መሄድ ሲጀምር፣ ጎረቤት ቶሎ የሚጠረጥረው ጓያን ነው። ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሳም። ጓያ ዋልካ መሬት ላይ በቀረች እርጥበት የሚበቅል የክፉ ቀን እህል ነው። ጣጣው የሚመጣው ሌላው ሰብል ከድቶ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። ያኔ በውስጡ ያለው መርዝ እግርን የሚያዙትን ነርቮች ይጎዳል።

ተመሳሳይ ጉዳት የሚያደርስ ቫይረስም አለ። ኤችቲኤልቪ-1 ይባላል። የኤችአይቪ ዘመድ ነው፤ እንዲያውም ሰው ላይ ከተገኙት ሬትሮቫይረሶች (ዘረመላቸውን ከሴል ዘረመል ጋር የሚሰፉ ቫይረሶች) የመጀመሪያው እሱ ነው። መገኘቱ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እግር ከሚያደርቀው በሽታ ጋር መያያዙ ግን የታወቀው በ1985፣ በካሪቢያን ባሕር ማርቲኒክ ደሴት ነው። በዓመቱ የጃፓን ሐኪሞችም ይህንኑ አዩ።

ቫይረሱ የሚገባው ሲዲ4 በሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ነው። ዘረመሉን ከሴሉ ዘረመል ጋር ሰፍቶ እዚያው ይደላደላል። ኤችአይቪ እነዚህን ሴሎች ይጨርሳል። ይሄኛው ግን ያራባቸዋል። ሴሉ በተባዛ ቁጥር እሱም አብሮ ይባዛል፤ አንዴ ከገባ ዕድሜ ልክ አይወጣም።

አብዛኛው ተሸካሚ ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ህብለ ሰረሰራቸው (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ) የሚጎዳው ከመቶ ጥቂቶቹ ናቸው፤ ያውም ከተያዙ ከብዙ ዓመታት በኋላ። ሴቶች ላይ ይበዛል። ደም ውስጥ የተያዙት ሴሎች በበዙ መጠን ስጋቱም ይጨምራል።

ጉዳቱን ስናስብ ቫይረሱ ራሱ ነርቩን የሚበላ ይመስለናል። ተመራማሪዎች በብዛት የሚስማሙበት ግን ሌላ ነው። የተያዙት ሴሎች ከደም ወጥተው ህብለ ሰረሰር ውስጥ ይገባሉ፤ በተለይ በደረት ትይዩ ያለው ክፍል ላይ ይከማቻሉ። ሌሎች ገዳይ ነጭ ሴሎች እነሱን ለማደን ይከተሏቸዋል። ውጊያው ነርቮቹ መሃል ነው። ጤፍ ማሳ የገባን በሬ ለማስወጣት አምስት ሰው ቢሮጥ፣ ከበሬው ይልቅ ጤፉን የሚረጋግጠው ሯጩ ነው። በውጊያው የሚረጩት ኬሚካሎች መጀመሪያ የነርቩን ሽፋን፣ ቆይተው ነርቩን ራሱን ይጎዳሉ። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ህብለ ሰረሰሩ እየቀጠነ ይሄዳል።

ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱት ነርቮች መንገዳቸው በዚያ ነው። ስለዚህ እግር ይከብዳል፣ ይደርቃል። የእጅ ነርቮች አንገት ላይ ስለሚገነጠሉ እጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። የሽንት ፊኛ ትእዛዝም በዚያው ነው የሚወርደው። አንዳንዱ ሰው እግሩ ሳይከብደው በፊት ሽንት ያጣድፈዋል ወይም አልወጣ ይለዋል። የሆድ ድርቀትና የወገብ ሕመምም አለ።

ከጓያ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ጓያ አብዛኛውን ጊዜ በአጭር ጊዜ ጥሎ እዚያው ይቆማል፤ ሽንትንም እምብዛም አይነካም። ቫይረሱ ቀስ እያለ ይብሳል። ዘንድሮ ምርኩዝ፣ ከዓመታት በኋላ ዊልቸር ሊሆን ይችላል።

ይህን ስል እግሩ የደረቀ ሁሉ ቫይረስ አለበት ማለቴ አይደለም። የአከርካሪ ቲቢም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም፣ ኤችአይቪም ህብለ ሰረሰርን ይጎዳሉ። እኔ ብሆን ቲቢን አስቀድሜ አስጣራ ነበር፤ በመድኃኒት ይድናልና። ጠበልም ቢሄዱ ሐኪም ቤቱን አይተዉት። ኤችቲኤልቪ-1 በደምና በህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ምርመራ ይለያል።

የሚተላለፈው በጡት ወተት (በተለይ ረጅም ጊዜ ሲጠባ)፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ባልተመረመረ ደምና በጋራ መርፌ ነው። አብሮ በመብላት አይተላለፍም።

ቫይረሱን ከሰውነት የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ለአንዳንዱ በውጊያው ህብለ ሰረሰሩ ላይ የመጣውን እብጠት ያበርዳል። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ እግርን ያግዛሉ። ሽንቱ ግን ችላ አይባልም፤ ፊኛ ውስጥ ተጠራቅሞ ከቆየ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ሲብስም ኩላሊት ይጎዳል። የአገራችን ሰው ስለ ሽንቱ ማውራት ያፍራል። ሐኪሙ ባይጠይቅም ይንገሩት። እግሩ መቼ እንደጀመረና እየባሰ መሄድ አለመሄዱንም አብረው ይንገሩት።