ክሩነር ምንድን ነው? ለስላሳ ድምፅ ማለት አይደለም

ዝግ ያለ የፍቅር ዘፈን የያዘ ሁሉ «ክሩነር» እየተባለ ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ አሜሪካዊውን ዘፋኝ ቢንግ ክሮዝቢን «ድምፅ ሳይኖረው ማይክሮፎን ያቆመው አንጎራጓሪ» ብሎታል። «አንጎራጓሪ» የሚለው ትርጉም ራሱ ያሳስታል። እንጉርጉሮ ሆድ ሲብሰው ሰው ለራሱ የሚለው ነው፤ ክሩነር የሚዘፍነው ግን ለሌላ ሰው ጆሮ፣ ያውም ከቅርብ ነው። ቃሉን የሚወስነው በአፍና በማይክሮፎን መካከል ያለው ርቀት ነው።

ወንዝ ማዶ ያለን ሰው ስትጣሩ ድምፃችሁ ይቀጥናል፣ አናባቢው ይረዝማል፣ የቃሉ ጫፍ ይበላል። እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ሸክላ የሚቀረጸው እንዲህ በመጣራት ነበር። ዘፋኙ ትልቅ ቀንድ ውስጥ ይጮኻል፣ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው የድምፁ ጉልበት ብቻ ነው። ቀንዱ የሚይዘው ከ250 እስከ 2,500 ኸርዝ (የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ) ገደማ ያለውን ስለሆነ የወፍራም ወንድ ድምፅ መሠረት አብዛኛው ይቀር ነበር። የኤሌክትሪክ ቀረጻ ሲመጣ ወንዙ ደረቀ፤ አድማጩ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። ክሮዝቢ የባንድ መሪውን የፖል ኋይትማንን ባንድ የተቀላቀለው በዓመቱ፣ በ1926 ነው።

«ማይክሮፎን ድክመት ይሸፍናል» ለሚለው፦ ጆሮ ሥር ሹክ የሚል ሰው ትንፋሹም ምራቁም ይሰማል። ማይክሮፎንም እንደዚያው ያጋልጣል። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የተለመደው የሪበን ማይክሮፎን ውስጡ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የአሉሚኒየም ጥብጣብ ነው፤ «ፐ» እና «በ» ሲፈነዱ ነፋሱ ይመታውና ቀረጻው ላይ «ዱብ» ይላል። ስለዚህ አፍ ትንሽ ወደ ጎን ይዞራል፣ ከፍ ያለ ኖታ ሲመጣ ወደ ኋላ ይባላል፣ ትንፋሽ የሚሳበው በሐረግ መካከል ሳይሆን በሐረግ መጨረሻ ነው። በጣም ከተጠጉ ወፍራሙ ክፍል ያብጥና ቃሉ ይጨፈለቃል።

ይህ ማበጥ ግን የሪበንና አቅጣጫ የሚመርጡ ሌሎች ማይክሮፎኖች ጠባይ ነው። ድምፅን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚቀበል ማይክሮፎን ላይ አይታይም፤ ስለዚህ የ1920ዎቹን ሸክላ ሰምቶ «ይኼ ሙቀት ከመጠጋት የመጣ ነው» ማለት አያስኬድም። ባሱን (ወፍራሙን ድምፅ) የጨመረው በኋላ ዋናውን ቅጂ ያደሰው ሰው ሊሆን ይችላል።

«ዝም ብሎ ማጉረምረም» ነው ከተባለም የክሮዝቢን የገና ዘፈን «ኋይት ክሪስማስ»ን ውሰዱ። በግንቦት 1942 እ.ኤ.አ. ተቀረጸ፤ ሸክላው ከመታተሙ ብዛት የማተሚያው እናት ቅጂ አለቀ። በመጋቢት 1947 ክሮዝቢ ከዚያው ከጆን ስኮት ትሮተር ኦርኬስትራ ጋር ተመልሶ የቀድሞውን እንዲመስል አድርጎ ደግሞ ዘፈነው። ዝም ብሎ የሚያጉረመርም ሰው ራሱን እንዲህ መድገም አይችልም። ዛሬ በብዛት የሚሰማው ይኼኛው ነው፤ ብዙ ሰው ግን የ1942ቱ ይመስለዋል። መለየት የሚፈልግ መግቢያውን ያድምጥ፦ ፍሉትና ሴለስታ (እንደ ደወል የሚያቃጭል ባለቁልፍ መሣሪያ) ከተጨመረበት የ1947ቱ ነው።