«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡ እና የኩርዲስታን ፓርላማ

ይህችን አባባል የማያውቅ የለም። አጠቃቀሟን ግን ብዙ ሰው ይስታል። ምንም የሌለው ሰው ላም አለኝ በሰማይ አይባልለትም፤ እሱ የለውም፣ በቃ። አባባሏ የምትነገረው «አለኝ» ለሚል ሰው ነው። ወረቀቱ በእጁ ነው፣ ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ ጎረቤቱም ባለላም ብሎ ያውቀዋል፤ ማታ ግን ወተት የለም። ያበደሩትና ዓመታት ያለፉት ገንዘብ፣ ክርክር ላይ ያለ የውርስ ቤት፣ «በቅርቡ ይደርስሃል» የተባለ ሹመት... ቦታዋ እንዲህ ያለው ላይ ነው።

አመጣጧ ከገበሬው ጓሮ ነው። ላም ለገበሬ ቤት ወተት ብቻ አይደለችም። ቅቤው፣ አይቡ፣ ጥጃው፣ ማገዶ የሚሆነው ኩበት ሳይቀር ከእሷ ነው፤ መከበሪያም ናት። አባባሏ ይህችን የቤቱን ምሰሶ አንስታ የማንም እጅ የማይደርስበት ቦታ ሰቀለቻት። በመጀመሪያው ስንኝ ሰውየው ይኮራል፣ በሁለተኛው ይጋለጣል። ብዙ ጊዜ እንደውም ተናጋሪው ግማሹን ብሎ ይተዋል፣ ሰሚው በሆዱ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ሰሜን ኢራቅ እንሂድ። የኩርዶች ራስ ገዝ የሆነው የኩርዲስታን ክልል የራሱ ፓርላማ አለው፣ መቀመጫው የክልሉ ዋና ከተማ ኤርቢል ነው። የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ወራትም በዚሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች፣ ማለትም የባርዛኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ እና የታላባኒው አርበኞች ኅብረት፣ ድምፁ እኩል ሊባል በሚችል መጠን ስለተከፈለ ሥልጣኑን ሃምሳ በሃምሳ ተካፈሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጦር ተማዘዙ። ኤርቢልና ዱሆክ ለአንዱ፣ ሱለይማኒያ ለሌላው ሆነ፤ ክልሉም ሁለት መንግሥት በቀለበት። ቀጣዩ የፓርላማ ምርጫ የመጣው በ2005 ነው። አስራ ሦስት ዓመት!

ከዚያስ ተስተካከለ? ለጊዜው። በ2015 የክልሉ ፕሬዚዳንት የሥልጣን ዘመን ማለቅ አለማለቁ ሲያጨቃጭቅ፣ በዚያው ሰሞን የደመወዝ መዘግየት ሕዝቡን አደባባይ አወጣ። ጥቅምት ወር ላይ የፓርላማው አፈ ጉባኤ፣ ጎራን የሚባለው የለውጥ ንቅናቄ ሰው፣ ከሱለይማኒያ ወደ ኤርቢል ሲሄድ ኬላ ላይ ቆመ። የጸጥታ ኃይሎች አላሳልፍ አሉት፣ መኪናውን አዙሮ ተመለሰ። እስቲ አስቡት፤ ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤት አለቃ ወደ ቢሮው እንዳይገባ የሚከለክለው የኬላ ጥበቃ ነው! ፓርላማው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ አልተሰበሰበም። በመስከረም 2017 የተከፈተውም የነጻነት ሕዝበ ውሳኔውን ለማጽደቅ ነበር። ለእሱ ሲሆን በሩ ቁልፍ አላጣም።

የ2018ቱ ምርጫ ተካሄደ፣ አራት ዓመቱም በ2022 አለቀ። ምርጫ አልነበረም። የምርጫ ክልሎች አከፋፈል፣ የመራጮች መዝገብ፣ የክልሉ የምርጫ ኮሚሽን፣ ለቱርክመኖችና ለክርስቲያኖች የተያዙት 11 መቀመጫዎች፣ ሁሉም ጭቅጭቅ ሆነ። አባላቱ ግን የራሳቸውን ዘመን በአንድ ዓመት ለማራዘም ድምፅ አላጡም። በግንቦት 2023 የምርጫ ኮሚሽኑ ጉዳይ ሲነሳ አዳራሹ ውስጥ ቡጢ ተሰናዘሩ። በዚያው ወር መጨረሻ የባግዳዱ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማራዘሙ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው፣ ፓርላማውም ፈረሰ። የምርጫው ቀን ደግሞ ከኅዳር 2023 ወደ የካቲት፣ ከዚያ ወደ ሰኔ፣ ከዚያ ወደ ጥቅምት 2024 ተገፋ።

በመጨረሻ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ሕዝቡ ወጣ። የምርጫ ኮሚሽኑ እንዳለው ካርድ ካላቸው መራጮች 72 በመቶው ድምፅ ሰጠ። ከ100 መቀመጫ የባርዛኒ ፓርቲ 39፣ የታላባኒው 23፣ አዲስ ትውልድ የተባለው ተቃዋሚ 15 አገኘ። ሒሳቡን አንዴ ደምሩት። 39 ለብቻው አይበቃም፣ 23ም አይበቃም፣ ሁለቱ ሲደመሩ 62 ነው፣ ከግማሽ በደንብ ያልፋል። ተስማምተው አንድ ጠዋት ቢገቡ አፈ ጉባኤ ይመረጣል። ግን ማን የትኛውን ሚኒስቴር ይያዝ፣ በተለይ የሀገር ውስጥ ጉዳዩን፣ በሚለው ላይ ተጣበቁ።

ታኅሣሥ 2 ቀን የመጀመሪያው ስብሰባ ተጠራ። ደንቡ እንደሚለው በዕድሜ አንጋፋው አባል መራው። ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አፈ ጉባኤ ሳይመርጡ ግን ተበተኑ፣ ስብሰባውም «ክፍት ነው» ተባለ። ይህች ዘዴ ኢራቅ ውስጥ የታወቀች ናት፤ ስብሰባው አልተዘጋም ከተባለ ቀነ ገደብ ተጣሰ ብሎ መክሰስ ይከብዳል። ወራት አለፉ፣ 2025ም ተጋመሰ፣ አፈ ጉባኤ ግን አልተመረጠም ነበር። (ለዚህ ለክፍቱ ስብሰባ «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው» የሚለውም ያስኬዳል፤ እሱ ግን የሚናገረው ስለ ጋባዡ ተንኮል ነው። የላሟ አባባል ስለ ባለቤቱ ነው።)

ባለቤቱ መራጩ ነው። ፓርላማ አለኝ ይላል፣ ወንበሩም ህንጻውም አለ። ወተቱ ግን ቁጥጥር ነው፣ በጀት ነው፣ ደመወዝ ለምን ቀረ ብሎ ሚኒስትር አስጠርቶ መጠየቅ ነው። ደመወዙ ከባግዳድ ጋር በሚደረግ ክርክር ሲንጠለጠል፣ አስተማሪውና ነርሷ ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ፣ ስለ እነሱ የሚጠይቅ አዳራሽ ተቆልፎ ነው የከረመው።

አንድ ሰው ይህችን አባባል ስለ ሁለቱ ፓርቲዎች ቢጠቅሳት ግን አልቀበለውም። እነሱ ምናቸው ቀረ? የክልሉ ጦር በሆነው ፔሽመርጋ ውስጥ እንኳ 80 የሚባለው ክፍል ለአንዱ፣ 70 የሚባለው ለሌላው ሲታዘዝ ነው የኖረው። የየራሳቸው ጸጥታ ኃይል፣ የየራሳቸው ሚዲያ፣ የየራሳቸው ግዛት አላቸው። የእነሱ ላም በረት ውስጥ ናት፣ ጠዋት ማታ ትታለባለች። ፓርላማው ተከፈተ አልተከፈተ የሚያንገበግባቸው ነገር የለም፣ መዘግየቱም ከዚህ ነው የሚመጣው ባይ ነኝ።