ኢንተርፌሮን ምንድን ነው? ቫይረስ ገዳይ ግን አይደለም

"ኢንተርፌሮን ቫይረስ የሚገድል የሰውነታችን መድኃኒት ነው፣ በብዛት ይኑራችሁ" የሚል ፖስት ደግሞ አየሁ፣ ከስሩ አንዱ "ኢሚዩኒቲ ይጨምራል" እያለ የሚጠጣ ቅጠል ያስተዋውቃል፣ ዝም ማለት አቃተኝ።

ኢንተርፌሮን ሴሎች ባዕድ ነገር ሲገባ የሚለቁት የመልእክት ፕሮቲን ነው፣ ቫይረሱን አይነካውም። የሚያናግረው ሴሉን ነው። ሴሉ ቫይረሱ እንዳይባዛበት ይዘጋጃል፣ እሱ ልክ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚዘለው ግን ኤችኤልኤ የሚባሉትን የሴል ገጽ ላይ ያሉ ሞለኪውሎች ማብዛቱን ነው።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው እንዲህ ያስበው፦ እያንዳንዱ ቤት ቆሻሻውን በማዳበሪያ በሩ ላይ ያወጣል፣ ጥበቃው ቤት አይገባም፣ ማዳበሪያውን አይቶ ነው ውስጥ ማን እንዳለ የሚያውቀው። ሴልም የተሰባበረ ፕሮቲኑን ክላስ ዋን በሚባለው የኤችኤልኤ ዓይነት ላይ አድርጎ ደጅ ያወጣል፣ ቲ ሴል የሚባለው የሰውነት ጥበቃ ያያል። ኢንተርፌሮን "ቤቴ ባዕድ ገባ" የሚል የጎረቤት ጩኸት ነው፣ የሰማ ቤት ሁሉ፣ ገና ያልተነካውም ጭምር፣ ብዙ ማዳበሪያ ያወጣል፣ ቆሻሻውንም ለማየት እንዲመች አድርጎ ይቆራርጠዋል። ምንም የማያወጣ ቤት ካለ ደግሞ ኤንኬ ሴል የሚባለው ሌላ ጥበቃ ይጠረጥረውና ያፈርሰዋል፣ ስለዚህ ኤችኤልኤ ሲበዛ ሴሉን ከኤንኬ ይከልለዋል። "ይጨምራል" ያልከው ወንድሜ፣ የቱን ነው የጨመረው? ለቲ ሴል እያሳየ የኤንኬን እጅ ይይዛል እኮ!

ደግሞ ኢንተርፌሮኖች ሁሉም አንድ አይደሉም። አልፋና ቤታ በዋናነት ክላስ ዋንን ነው የሚያበዙት፣ ጋማ ግን ሲአይአይቲኤ የሚባለውን ጂን ቀስቅሶ ክላስ ቱ የሚባለውን ሌላውን የኤችኤልኤ ዓይነት በተለምዶ በሌለበት ሴል ላይ፣ የደም ስር ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ያወጣዋል። ላብ የምትሰሩ፣ ጋማ ጨምራችሁ በሰዓታት ውስጥ ለክታችሁ "ክላስ ቱ የለም" አትበሉ፣ ፕሮቲኑ ተሰርቶ ገጽ ላይ እስኪደርስ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል።

ዘነበወርቅ አካባቢ የስጋ ደዌን ነገር የሚያውቅ ሰው ይሄ በቆዳ ላይ እንደሚታይ ያውቃል። ሰውነት ባክቴሪያውን አጥብቆ በሚታገልበት ቱበርክሎይድ በሚባለው ዓይነት የቆዳው ሴሎች ክላስ ቱ ያወጣሉ፣ ባክቴሪያው በሞላበት ሌፕሮማቶስ ላይ ግን እምብዛም አያወጡም። ቱበርክሎይድ ላይ ነርቭ ቶሎ የሚጎዳውም ግን በዚሁ ትግል ነው፣ "በብዛት ይኑራችሁ" የሚል ሰው ይሄንንም አብሮ ይጻፍ።