ከፊት የሚጎትት፣ ከኋላ የሚገፋ፦ ስለ ጌም ድሪፍት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ጌም ቤቶች ውስጥ ወረፋው የሚበዛው ለኳስ ነው። የመኪና ጌም የሚከፈተው ኳሱ ሲሰለች ወይም ተጋጣሚ ሲጠፋ ነው። ክርክሩ ግን ከኳሱ ይብሳል፦ «ይቺ መኪና ድሪፍት አትችልም»፣ «ጆይስቲኩ ነው የተበላሸው»፣ «ፎር ዊል ምረጥ ባክህ!» አብዛኛው ክርክር መነሻው አንድ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት የትኛው ጎማ ላይ እንደሚያርፍ ሳያዩ በተጫዋቹ ጣት ላይ መፍረድ።

አንድ ጎማ መሬት የሚይዝበት አቅም ልክ አለው። ያንኑ አቅም ለመፍጠን፣ ለመቆምና ለመጠምዘዝ ያካፍለዋል፤ ለመፍጠን ብዙ ከሄደ ለመጠምዘዝ የሚተርፈው ያንሳል። ድሪፍት ማለት የኋላ ጎማዎች አቅማቸውን ጨርሰው ወደ ጎን እየተንሸራተቱ፣ ነጂው መኪናዋን በዚያው ሁኔታ ይዞ ኩርባውን ሲጨርስ ነው። የሚከተለው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

«ድሪፍት ማለት የእጅ ፍሬን ነው»

የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማዎችን ይቆልፋል፣ የተቆለፈ ጎማ ደግሞ ወደ ጎን መሬት አይዝም፤ ስለዚህ የመኪናዋ ጅራት ይወጣል። እስከዚህ ልክ ነው። ይህ ግን ማስጀመሪያው ብቻ ነው። እንደ ኒሳን ሲልቪያ ወይም ማዝዳ አር ኤክስ ሰቨን ያለ፣ ሞተሩ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማ የሚገፋው መኪና ላይ ድሪፍቱን የሚያቆየው ነዳጅ ነው። ትንሽ ሲጨመር ጅራቱ የበለጠ ይወጣል፤ ትንሽ ሲቀነስ ጎማው መሬት ይይዝና መኪናዋ ወደ ልኳ ትመለሳለች። መሪው ደግሞ ጅራቱ ወደሸሸበት አቅጣጫ ይሰበራል።

ጆይስቲክ ላይ ይህ ማለት የነዳጁን ቁልፍ (ፕሌይስቴሽን ላይ አር ቱ) ከግማሽ በላይና በታች እያመላለሱ መያዝ ነው። ጀማሪ ወይ እስከ መጨረሻው ይጫነዋል ወይ ጨርሶ ይለቀዋል። ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋት ብርድ የደነዘዘ ጣትም ያው ነው፣ ግማሽ መጫን አይሆንለትም። ሌላው የተለመደ ጥፋት መውጫው ላይ ይመጣል፦ የኋላ ጎማው መሬት ሲይዝ መሪው ገና እንደተሰበረ ከሆነ መኪናዋ በአንድ ጊዜ ወደ ሌላኛው ጎን ትወረወራለች። መሪው መመለስ ያለበት ጎማው ሳይዝ ቀደም ብሎ ነው።

«ከፊት የሚጎትት መኪና ጭራሽ አይንሸራተትም»

እዚህ ላይ ልጆቹ ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው። ከተማችን ውስጥ እንደ ልብ የሚታየው ቪትዝ የፊት ጎማው ነው የሚጎትተው። የድሮው ዲኤክስ ኮሮላ ግን ከኋላ ነው የሚገፋው። በሁለቱ ላይ ነዳጅ የሚሠራው ሥራ ተቃራኒ ነው። ቪትዝን በመሰለ መኪና ኩርባ ውስጥ ነዳጅ ሲረገጥ የፊት ጎማው መጎተቱንም መጠምዘዙንም አብሮ መሥራት ስላለበት አቅሙ ያልቃል፤ መሪው ቢሰበርም መኪናዋ ወደ ውጭ ትገፋለች። ጅራቱ ወጥቶ ከሆነም ነዳጁ መኪናዋን ጎትቶ ያቃናታል። ስለዚህ በነዳጅ ብቻ እየተገፋ የሚዘልቅ ድሪፍት ከዚህ መኪና አይጠበቅም።

መንሸራተት ግን ይችላል፣ መንገዱ ሌላ ነው። ኩርባ ውስጥ ነዳጁን በድንገት መልቀቅ ወይም ፍሬን ነካ ማድረግ ክብደቱን ወደ ፊት ያዞራል፤ የቀለለው የኋላ ጎማ ይሸሻል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ሚኒባሱ ፍሬን በያዘ ቁጥር ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት የሚያጋድለው በዚሁ ምክንያት ነው። (ይህ ስለ ጌም የተጻፈ ነው። ያ መንገድ ጉምም የተጫነ አይሱዙም አለበት፤ እዚያ ድሪፍት ልሞክር የሚል ቢኖር ጆይስቲኩን ይቀሙት።) መጀመሪያ ከኩርባው ተቃራኒ ሰበር አድርጎ ወዲያው ወደ ኩርባው መመለስም ክብደቱን እንደ ዥዋዥዌ ይወረውረዋል። የእጅ ፍሬን ዋጋው እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ነዳጁን ሳይለቁ ፍሬኑንም አብሮ መርገጥ ነው፤ ጆይስቲክ ላይ አር ቱን እንደያዙ ኤል ቱን ነካ ነካ ማድረግ። የፊት ጎማው ሞተሩ ስለሚያዞረው አይቆለፍም፤ የሚዳከመው የኋላው ነው። የራሊ ነጂዎች ከፊት በሚጎትት መኪና ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ ነው። ትንሿ ሚኒ ኩፐር የሞንቴ ካርሎን ራሊ እ.ኤ.አ. በ1964፣ 1965 እና 1967 ያሸነፈችው ከፊት እየጎተተች ነው።

ከኋላ የሚገፋ መኪና የለመደ ሰው እዚህ የሚሳሳተው ሲደነግጥ ነው፦ ጅራቱ ሲወጣበት ነዳጁን ይለቃል፣ ያኔ መኪናዋ ጨርሳ ትዞራለች። ቪትዝን በመሰለ መኪና መዳኛው መሪውን መሄድ ወደፈለጉበት አዙሮ ነዳጅ መስጠት ነው።

«ፎር ዊል ለድሪፍት ይቀላል»

ለመዳን ይቀላል፣ ለድሪፍት ግን ይከብዳል። አራቱም ጎማ ጉልበቱን ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ስለሚያንስ መሬቱን አይለቁም፤ ቢለቁ እንኳ የፊቶቹ አፍንጫውን ጎትተው መኪናዋን ያቃኑታል። መኪናዋ ስለማትዞር ተጫዋቹ «ቻልኩበት» ይላል። ሆኖም ስክሪኑን ቀረብ ብሎ ላየው አንግሉ (መኪናዋ ከምትሄድበት አቅጣጫ ወደ ጎን የዞረችበት ልክ) ጠባብ ነው፣ መሪውም ብዙ አልተሰበረም።

ፎር ዊልን በደንብ ለማንሸራተት ከኩርባው በፊት፣ በፍሬንና በመሪ ክብደቱን ወርውሮ፣ በከፍተኛ ፍጥነት መግባት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ከኋላ እንደሚገፋው በነዳጅ መቆጠብ የለም። ነዳጁ ሙሉ ይሰጣል፣ መኪናዋም በአራቱም ጎማ ወደ ጎን እየሄደች ወደ ፊት ትጎተታለች። ይህ አፈርና ጠጠር ላይ ያምርበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ኦዲ ኳትሮ የራሊውን ዓለም የለወጠው እንዲህ ነው። አስፋልት ላይ ግን ሰፊ መንገድና ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። የአሜሪካው ፎርሙላ ድሪፍት ውድድርም የሚቀበለው ከኋላ የሚገፋ መኪና ብቻ ነው።

ፎር ዊል ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ። ኒሳን ጂ ቲ አር አር 32 በደህናው ጊዜ ከኋላ ነው የሚገፋው፤ የኋላ ጎማው ሲንሸራተት ነው ለፊቱ ጉልበት የሚልከው። እንደ ፎርዛ ባሉ ጌሞች ደግሞ ጉልበቱ ወደ ኋላ እንዲያደላ ራሳችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ፤ ያደላ ሲሆን ጸባዩም ወደ ሲልቪያ ይጠጋል።

«ከኋላ እስከገፋ ድረስ ሞተሩ የትም ቢሆን ያው ነው»

አይደለም። ሞተሩ መሃል ላይ ሲሆን ክብደቱ ወደ መሃል ስለተሰበሰበ መኪናዋ ቶሎ ትዞራለች፣ ስትዞር ለማረም የምትሰጠውም ጊዜ አጭር ነው። መሪ መስበሩ ከዓይን መቅደም አለበት። ፖርሽ 911 ላይ ሞተሩ ከኋላ አክስል በስተጀርባ ተንጠልጥሏል። ነዳጅ ሲሰጠው የኋላ ጎማው በክብደቱ ምክንያት ጠብቆ ይይዛል፤ ኩርባ መሃል ነዳጁ ሲለቀቅ ግን ያ ሁሉ ክብደት ጅራቱን ይዞት ይሄዳል። ለጀማሪ ሲልቪያ ይሻላል፣ ለእኔ ይህ አከራካሪ አይደለም።

«የፈረስ ጉልበቱ የበዛው ይንሸራተታል»

ቶዮታ ኤ ኢ 86 ጃፓን ውስጥ ይዞት የወጣው ጉልበት 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፣ ክብደቱም ከ1 ቶን በታች። ጃፓናዊው የድሪፍት ነጂ ኬይቺ ትሱቺያ ስም ያተረፈበት መኪና ይኸው ነው። 900 የፈረስ ጉልበት ለጀማሪ የሚያተርፍለት ጭስና መሽከርከር ነው።

«አንዱ ጌም ላይ የቻለ ሁሉም ላይ ይችላል»

እንደ ማሪዮ ካርት ባሉ ጌሞች ድሪፍት በቁልፍ የሚበራ ነገር ነው፤ የሞተሩ ጉልበት የት እንደሚያርፍ ምንም ለውጥ አያመጣም። በአንዳንድ የኒድ ፎር ስፒድ ጌሞችም ነዳጁን ለቅቆ መልሶ መርገጥ ብቻ ያስጀምረዋል። ግራን ቱሪዝሞና አሴቶ ኮርሳ ግን የእያንዳንዱን ጎማ ሁኔታ ስለሚያሰሉ እላይ የተባለው ሁሉ ይሠራባቸዋል።

እነዚህ ላይ ጆይስቲኩን ከመውቀስ በፊት የመኪናውን ቅንብር መክፈት ነው። ትራክሽን ኮንትሮል በርቶ ከሆነ የኋላ ጎማው መንሸራተት በጀመረባት ቅጽበት ጉልበቱን ይቆርጠዋል፤ ስታቢሊቲ ኮንትሮል ደግሞ አንግሉን ራሱ ያቃናዋል። ኤ ቢ ኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ቢበራም ድሪፍቱን አያጠፋውም። ጌም ቤት ውስጥ ቅንብሩ ከእናንተ በፊት የተጫወተው ልጅ እንደተወው ነው የሚጠብቃችሁ፣ እሱ ደግሞ ምናልባት ድሪፍት ሳይሆን ሰዓት ለማሻሻል ነበር የተቀመጠው።